ጫፉን ብቻ ቁረጥልኝ

አዲስ አበባ ውስጥ ዛፍ ስቆርጥና ስከረክም አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከደንበኞቼ አብዝቼ የሰማሁት ቃል አንድ ነው፦ «ጫፉን ብቻ ቁረጥልኝ።» ሰዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። ዛፉ ከቤታቸው በላይ ሄዷል። ክረምት ሲመጣ ነፋሱ ያወዛውዘዋል፣ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ቢያጥር አደጋው የሚቀንስ ይመስላቸዋል። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተባልኩትን ነበር የማደርገው። ዛሬ ከሥራዬ ግማሽ የሚሆነው ያኔ እኔና እንደኔ ያሉ ሰዎች ያበላሸነውን ማስተካከል ነው። ግቢው ውስጥ ዛፍ ላለው ሰው፣ በዚህ ሥራ መጋዝ ለያዘ ወጣትም ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን ልጻፍ።

ሥራውን በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ሽሮ ሜዳ፣ ወደ እንጦጦ ከፍ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ አንድ ነጭ ባህር ዛፍ ቆረጥኩ። ቁመቱ ሃያ ሜትር ይሆን ነበር። ባለቤቱ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። «ስድስት ሜትር ላይ በለው» አሉኝ። ቆረጥኩት። አናቱን ጠፍጣፋ አድርጌ እንደ ምሰሶ አስቀረሁት። ሁለታችንም ደስ ብሎን ተለያየን።

ከአራት ዓመት በኋላ ነሐሴ ላይ ደወሉልኝ። ሄጄ ሳይ ከተቆረጠው አናት ዙሪያውን ዘጠኝ ቀንበጥ ወጥቶ እያንዳንዱ የሰው ጭን አክሏል። ቁመቱ ከድሮው ብዙም አይተናነስም። ከዘጠኙ አንዱ ሌሊት ተገንጥሎ የጎረቤት ማድቤት ጣሪያ ላይ ወድቋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማድቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ወጥቼ የተገነጠለበትን ቦታ ሳይ ነገሩ ያኔ ገባኝ።

በተፈጥሮው የወጣ ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር አብሮ ያድጋል። ሥጋው ከግንዱ ሥጋ ጋር ከውስጥ ጀምሮ የተጠላለፈ ነው። አናቱ ከተቆረጠ በኋላ የሚወጣው ቀንበጥ ግን ከቅርፊቱ ሥር ብቻ ነው የሚነሳው። የሚይዘው የላይኛውን ስስ ክፍል ነው። በዚያ ላይ ዛፉ ቅጠሉን በአንዴ ስላጣ ለመኖር ሲል በጥድፊያ ይበቅላል። ጠፍጣፋው አናት ደግሞ የዝናብ ውሃ ያቁራል፣ ከላይ ወደ ታች ይበሰብሳል። ስለዚህ በየዓመቱ እየከበደ የሚሄድ ቀንበጥ በየዓመቱ እየበሰበሰ የሚሄድ ግንድ ላይ ተለጥፎ ይኖራል። ያሳጠርነው ዛፍ ከማሳጠራችን በፊት ከነበረው የበለጠ አደገኛ ሆነ ማለት ነው።

ባህር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ሲገባ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተብሎ ነው። ከጉቶው ደጋግሞ ማቆጥቆጡ ለዚያ ትልቅ በረከት ሆኗል። አጣና የሚሸጥ ገበሬ ከመሬት አስጠግቶ ቢቆርጠው ትክክል ነው። ቀንበጡ ከመሬት ይነሳል፣ ሳይከብድ ይቆረጣል። ችግሩ ይህንኑ ስድስት ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሰው ከሚተኛበት ቤት አጠገብ ስናደርገው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዛፉ በእርግጥ ያለቦታው ከተተከለ ከሥሩ ይነሳና ሌላ ይተከል። ይህን ለደንበኛ መናገር ከባድ ነው፤ እኔ ግን እናገራለሁ። ቦታው ደህና ከሆነ በመጀመሪያ የደረቀው ቅርንጫፍ ይወርዳል። ቀጥሎ ወደ ጣሪያ የሄደው ቅርንጫፍ ወደ ኋላ ይመለሳል። ግን ባዶ ቦታ ላይ አይቆረጥም፤ ሌላ ጎን የወጣ ቅርንጫፍ እስካለበት ድረስ ነው የሚመለሰው። ያ የሚቀረው ቅርንጫፍ ውፍረቱ ቢያንስ የተቆረጠውን ሲሶ መሆን አለበት። ያኔ ኃላፊነቱን እሱ ይረከባል፣ የቀንበጥ መንጋም አይመጣም። በአንድ ዓመት ከቅጠሉ ከሩብ በላይ አልወስድም።

አቆራረጡ ራሱ ሙያ አለው። ወፍራም ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ ስትቆርጥ ግማሽ ላይ ሲደርስ በራሱ ክብደት ይሰበራል። ሲወርድ የግንዱን ቅርፊት ገሽልጦ ይዞ ይሄዳል። ያ ቁስል ሜትር ሙሉ ሲሆን አይቻለሁ። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ነው የሚቆረጠው። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቀህ ከታች ወደ ላይ ሲሶውን ቁረጥ። ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ራቅ ብለህ ከላይ ቁረጠው፣ ክብደቱ ይወርዳል። የቀረውን አጭር ጉማጅ በመጨረሻ ከአንገቱ ላይ አንሳው። አንገቱ የምለው ቅርንጫፉ ግንዱን የሚነካበት ቦታ ላይ ያለችውን እብጠት ነው። እሷን አትንካ። ከግንዱ ጋር አስተካክዬ ላስጊጠው ብለህ ከቆረጥካት ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋበትን ሥጋ ወሰድክበት ማለት ነው። ረጅም ጉማጅ ብታስቀርም ይበሰብሳል።

ቁስሉን ምን እንቀባው ብለው ይጠይቁኛል። ቀለም፣ ሬንጅ፣ አንዳንዱ እበት ይለኛል። ምንም አትቀቡት። አሌክስ ሺጎ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ብዙ ሺህ ዛፍ እየሰነጠቀ ያሳየው ነገር አለ። የዛፍ ቁስል እንደ ሰው ቆዳ አይድንም። ዛፉ በተጎዳው ክፍል ዙሪያ ከውስጥ አጥር ያጥራል፣ ከላይ በአዲስ ሥጋ ይሸፍነዋል። ቀለሙ ያን አጥር አያግዝም። እንዲያውም እርጥበቱን አፍኖ መበስበሱን ሊያፋጥን ይችላል።

ሁሉም ዛፍ አንድ አይደለም። ይህን ባለማወቅ በብዛት የሚበላሸው የጽድ አጥር ነው። ጽድ ከአሮጌው ቡናማ እንጨት ዳግመኛ አያቆጠቁጥም። አረንጓዴው ክፍል እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚከረከመው። «በጣም ሰፍቷል፣ ወደ ውስጥ ግባበት» ሲባል እሺ ብሎ የገባበት ሰው አጥሩን ለዘላለም ራቁቱን አስቀርቶታል። ስለዚህ የጽድ አጥር በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚያዘው። ሦስት ዓመት ተረስቶ አንድ ቀን አይታረምም።

የጽድ ሌላው ጠላት ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ነው። ከውስጥ ጀምሮ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ የሚሆን ጽድ ካያችሁ ቶሎ ውኃ አጥቶ ነው አትበሉ። ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጋችሁ የውስጡን ቀጭን ቀጭን እንጨት እዩ። ግራጫ ቡናማ የሆኑ ትናንሽ ነፍሳት ተደርድረው ታገኛላችሁ። እጃችሁ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ይቀራል። ቅጠሉ ላይም ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነገር አለ። በጊዜ ከተደረሰበት የተጠቃውን ክፍል ቆርጦ ማውጣትና ትንሽ ዛፍ ከሆነ በሳሙና ውሃ በኃይል ማጠብ ይረዳል። በበጋ ሥሩን ማጠጣትም ጥሩ ነው፤ የተጠማ ዛፍ ነው ቶሎ የሚሸነፈው። ቡናማ የሆነው ግን አይመለስም።

አቮካዶ ላይ የተማርኩት ከአንዲት እናት ግቢ ነው። ኮተቤ ነው ቤታቸው። «ልጄ፣ ይሄ ዛፍ በዓመት ስንት ኩንታል ይሰጠኝ ነበር፤ ዘንድሮ ቅጠሉም አነሰ» አሉኝ። እንድከረክመው ነበር የጠሩኝ። ቅጠሉ ትንንሽ፣ ፈዛዛ ሆኗል። የቅርንጫፉ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ይደርቃል። መጋዜን ሳላወጣ ወደ ሥሩ አየሁ። ግቢው በሙሉ ሴራሚክ ተነጥፏል። ዛፉ ዙሪያ ደግሞ ለአበባ መደብ ብለው ከጉልበት በታች የሚደርስ አፈር ግንዱ ላይ ከምረውበታል። የልብስ ማጠቢያው ውሃ የሚፈሰውም እዚያው ነው።

«እማማ፣ ይሄ መጋዝ አይፈልግም፤ መተንፈሻ ነው የሚፈልገው» አልኳቸው። አቮካዶ ሥሩ ከላይ ነው፤ ውሃ ሲተኛበት ይበሰብሳል። አፈሩን በእጅ አነሳን። ሴራሚኩን ከግንዱ ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል አፈረስን። ልጃቸው ብዙ ብር የወጣበት ነው ብሎ ተቆጣ፣ እሳቸው ግን ጸኑ። ውሃውን አዞርነው። ደረቅ ቅጠል አለበስነው፣ ግንዱን ሳያስነካ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ቅጠሉ ወደ መጠኑ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው የደረቀውን ያወረድኩት። አቮካዶን በበጋ አብዝቶ መግፈፍ ሌላም ጣጣ አለው። ጥላ የለመደው ቅርፊት ድንገት ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ይሰነጠቃል። የግድ ከሆነ የተጋለጠውን ግንድ ቀጠን ባለ ኖራ ቀቡት።

ተቀጽላ፣ ማለትም ሌላ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚኖር ጥገኛ ተክል፣ የወጣበት ዛፍ ላይ ተቀጽላውን ብቻ ቀጥፎ መጣል ከንቱ ነው፣ ተመልሶ ይበቅላል። ቅርንጫፉ ራሱ፣ ተቀጽላው ከተጣበቀበት ወደ ግንዱ ሠላሳ ሴንቲሜትር ገባ ተብሎ ይቆረጥ። ግራቪሊያ እንጨቱ ተሰባሪ ስለሆነ ቅርንጫፉን አምናችሁ አትቁሙበት። ዱቄቱም አንዳንዱን ሰው ያሳክካል፣ እኔ አንዱ ነኝ፤ እጅጌ ረጅም ልብስ እለብሳለሁ። ቅንጭብና ቁልቋል ግን ያለ መነጽር በፍጹም አይነካም። ወተቱ ዓይን ያጠፋል። ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ ማጠብና ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ወደ መሣሪያው ልምጣ። መጀመሪያ የገዛሁት መጋዝ የአናጺ ነበር። ለደረቅ ጣውላ የተሠራ መጋዝ እርጥብ እንጨት ውስጥ ይነከሳል። ለእኛ ሥራ የሚሆነው ጎበጥ ያለ፣ ስትስበው የሚቆርጥ፣ ጥርሱ ትልልቅ የሆነው የመግረዣ መጋዝ ነው። እጅ የሚያክል ቅርንጫፍ ድረስ ሞተር አያስፈልግም። ዛፍ ላይ ወጥቼ ከሞተር ይልቅ እሱን ብይዝ እመርጣለሁ።

ሞተር መጋዝ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ስለት፣ ዘይትና አየር። ስለቱን ከሚወድቀው ነገር ታውቁታላችሁ። የተሳለ ሰንሰለት ፍርፋሪ ይጥላል። የደነዘ ዱቄት ያቦናል። ዱቄት ካያችሁ ቁሙ። በደነዘ ሰንሰለት ስትሠራ ሰውነትህን ጭነህ ትገፋለህ፤ እንጨቱ ድንገት ሲያልቅ መጋዙ ወደ እግርህ ነው የሚመጣው። ክብ ሞረዱ ከሰንሰለቱ ጋር መስማማት አለበት። አራት፣ አራት ነጥብ ስምንት፣ አምስት ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር እያለ ይለያያል፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ወደ ፊት ብቻ ይሞረዳል፣ ሲመለስ ይነሳል። እያንዳንዱን ጥርስ እኩል ጊዜ። አንድ ጎን ከበዛበት መጋዙ ጠምዞ ይቆርጣል። የእኛን ሰንሰለት የሚሞርደው ልጅ በዚህ ከእኔ ይበልጣል፤ ስለሱ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የመጋዙ አፍንጫ የላይኛው ጥግ እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ፊትህ ይፈናጠራል። የትኛውም ጉልበት አያቆመውም። ግራ አውራ ጣትህ እጀታውን ዞሮ ይያዝ፣ ጭንቅላትህ ከሰንሰለቱ መስመር ወጣ ይበል፣ ከትከሻህ በላይ አትቁረጥ።

ዘይት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰንሰለቱን በተቃጠለ የመኪና ዘይት በማጠጣት ነው። ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ውስጡ የብረት ብናኝ አለ፤ ፓምፑን ይዘጋል፣ ሰንሰለቱን ይበላል። ቀኑን ሙሉ ቆዳችሁ ላይ የሚረጭም እሱ ነው፤ ለጤና መጥፎ ነው። ቤንዚኑ ላይ የሁለት ስትሮክ ዘይት ይጨመራል። መጋዙ አንድ ለሃምሳ የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን ሃያ ሚሊ ሊትር ነው። በዓይን አትገምቱ፣ የመርፌ ሲሪንጅ ግዙ። ከወር በላይ የቆየ ድብልቅ አስነሺው ላይ ያስለፋችኋል።

አየሩ ግን እኔን አንድ ሞተር አስከፍሎኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ መጋዝ እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ያጨሳል፣ ይደክማል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። መካኒኩ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ላይ ቤንዚኑን ይቀንስለታል፣ ይሻለዋል። እኔም በዚህ መልክ የተስተካከለ መጋዜን ይዤ ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ ወራሪ ዛፍ ልመነጥር አፋር ውስጥ ወዳለው አሚባራ ወረድኩ። እዚያ ከፍታው 750 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ወፍራም ነው፣ ቤንዚኑ አነሰበት። ከቤንዚኑ ጋር ቅባቱም አነሰ፣ በዚያ ሙቀት ላይ። መጀመሪያ ቀን በጣም ጥሩ ሠራ፤ ድምፁ ቀጠን ብሎ ይጮኻል፣ እኔ ጉልበት አገኘ ብዬ ነበር። ሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ፒስተኑ ነከሰ፣ አበቃ። ቆላ ስትወርዱ ካርቡራተሩ ላይ ኤች (H) የሚለውን ብሎን መልሳችሁ ክፈቱለት፣ ወይም የሚያውቅ ሰው ያስተካክልላችሁ። ቀጭን ጩኸት ጥሩ ምልክት አይደለም።

አሮጌ ዛፍ አጥር ዳር ከሆነ ደግሞ ሽቦ ዋጥ አድርጎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ግቢ እሾህ ሽቦ በቀጥታ ግንድ ላይ ተቸንክሮ ነው የኖረው። ዛፉ ሲወፍር ሽቦውን ከነሚስማሩ ይሸፍነዋል። ከመቁረጤ በፊት ባለቤቱን እጠይቃለሁ፣ ግንዱ ላይ አግድም የሄደ ጠባሳም እፈልጋለሁ። አዲስ ሰንሰለት በአንድ ሚስማር ይበላሻል።

ገመድ ላይ አታስተርፉ። አንዴ ሰፊ ቅርንጫፍ በአሮጌ ቃጫ ገመድ አስሬ ሳወርድ ተበጠሰ። ክረምቱን ሜዳ ላይ ከርሞ ውስጡ በስብሶ ነበር፣ ከላይ ግን ደህና ይመስላል። የሰው ቆርቆሮ ሠርቼ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ እንጨት የሚያወርደው ገመድና ሰው የሚይዘው ገመድ ለየብቻ ነው፤ ቀለማቸውም ይለያል። የኔን ገመድ ማታ ማታ በእጄ ከዳር እስከ ዳር እዳስሰዋለሁ። ስቆርጥ ደግሞ ሁለት ቦታ እታሰራለሁ፤ መጋዙ አንዱን ቢነካው ሌላው ይይዘኛል።

ከመውጣቴ በፊት መሬቱን አያለሁ። ዛፉ ካዘነበለበት በተቃራኒ ጎን መሬቱ ተሰንጥቆ ወይም ተነስቶ ከሆነ ሥሩ እየለቀቀ ነው። ከግንዱ ሥር እንጉዳይ ከወጣ ውስጡ እየበሰበሰ ሊሆን ይችላል። በመጥረቢያ ጀርባ መታ አድርጌ ድምፁን እሰማለሁ። ነሐሴ ላይ፣ መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ሲለሰልስ፣ እንዲህ ያለ ዛፍ ላይ አልወጣም። ንብ የገባበት ጎድጓዳ ካለም መጀመሪያ ንብ አርቢ ይጠራል።

አሁን ስለ ልጁ። አብሮኝ ሲሠራ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። የአንድ ግቢ ባህር ዛፍ ቅርንጫፍ መንገድ ላይ ያለው የመብራት ሽቦ ላይ ተኝቷል። ልባስ የሌለው ሽቦ ነው። ባለቤቱ «መብራት ሄዷል፣ ከጠዋት ጀምሮ የለም» አለን። እውነቱን ነበር፣ ያኔ አልነበረም። እኔም አመንኩ። ለመብራት ኃይል ደውለን መስመሩን አጥፉልን ማለት፣ ወረቀቱን መጠበቅ፣ ቀኑን ማጣት መሰለኝ። ዝናብ ጥሎ አባርቷል። ልጁ እርጥቡን ቅርንጫፍ በቀኝ እጁ ይዞ ሊገፋ ሲል መብራቱ መጣ።

ቀበቶው ያዘው፣ አልወደቀም። እኔ መሬት ላይ ነበርኩ። አልነካሁትም፤ ብነካው ሁለት እንሆን ነበር። ቅርንጫፉ በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ከሽቦው ሲለቅ ነው ወጥቼ ያወረድኩት። ሆስፒታል ሁለት ወር ተኛ። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት ሄደ።

ዛሬ ሽቦ በሦስት ሜትር ውስጥ ካለ መስመሩ በሚመለከተው ሰው እጅ መጥፋቱን ሳላረጋግጥ ማንንም አላወጣም። ደንበኛ ይቆጣል፣ ሌላ ሰው ይጠራል፣ ይጥራ። ልጁ ዛፍ ላይ መውጣት ተወ፣ እኛን ግን አልተወም። ጠዋት ጠዋት ከሁላችን ቀድሞ ይመጣል። መጋዙን ሞርሳ ላይ ያስራል፣ ሞረዱን በግራ እጁ ይይዛል፣ አንድ በአንድ ሁሉንም ጥርስ ይሞርዳል። ስንጨርስ ፍርፋሪውን በመዳፉ አንስቶ ያየዋል።